ዐሥራ ሁለት እርምጃ

የሻው ሚስቱን አባይነሽን በሳምንት አንድ ጊዜ ይፈታት ነበር። ወጡ ጨው ቢበዛበት «እፈታሻለሁ!»፤ በሬው ገመድ ቢበጥስ «እፈታሻለሁ!»፤ ዝናቡ ቢዘገይ እንኳ ጦሱ ለእሷው ነበር። እሷም ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እየተፈታች፣ ስምንት ወልዳ ስድስቱን እያሳደገች፣ እዚያው ጓዳዋ ውስጥ ነበረች። የተጋቡት በሰማንያ ነው። በሰማንያ የተጋባ ካልተስማማ ሽማግሌ ጠርቶ፣ ንብረቱን ተካፍሎ ይለያያል። በቁርባን የተጋባን ግን ከሞት በቀር የሚለየው የለም። የሻውም የቁርባን ነገር በተነሣ ቁጥር «እኔ አንገቴን ወድጄ ገመድ አላስገባም» ይላል፤ አገሩም ይስቅለታል። ሳቁ ምን እንደሚሸፍን የሚያውቅ ግን ከእሱና ከፈጣሪው በቀር ማንም ያለ አይመስለውም ነበር።

ደብሩ ዝግባ ሩፋኤል ይባላል። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወጥቶ ሁለት ወንዝ የተሻገረ ሰው ዝግባዎቹን ከሩቅ ያያቸዋል። ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ሆኖት፣ የተቃጠለው ጣራ ተከድኖ፣ ሰንበቴው ተመልሶ፣ በየሰንበቱ አጥር ግቢው ነጭ በነጭ ይሆናል። ሰው አይጎድልም። የሚጎድለው ቆራቢ ነው። ዲያቆኑ ደሙን የሚያቀብልበትን ማንኪያ፣ ዕርፈ መስቀሉን፣ ይዞ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ወደ ፊት የሚራመዱት ጨቅላ የታቀፉ እናቶችና አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተሩፋኤል፣ ብቻ ናቸው። እናቶቹም ቢሆኑ ልጁን አስቆርበው ራሳቸው ሳይቀበሉ ይመለሳሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ አምስት ቀን አዲሱ ቄስ፣ ጎንደር ቁስቋም የተማሩት ቄስ አለነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። አጭር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ማዶ ይሰማል።

«ልጃችሁን ብትድሩ፣ በሬ ጥላችሁ፣ ጠላ ጠምቃችሁ፣ ዳስ ጥላችሁ ብትጠሩ፣ እንግዳው ሁሉ መጥቶ ከዳሱ ደጅ ቆሞ ‘ሸጋ ድግስ ነው’ እያለ ሳይቀምስ ቢመለስ ምን ትላላችሁ?»

«ንቆናል እንላለን!» አለ አንዱ ሽማግሌ ሳያስበው።

«ተባረክ። እንግዲህ እናንተም እንደዚያው ናችሁ» ብለው መስቀላቸውን አነሡ። ሕዝቡ እግር እግሩን አየ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ካፊያው ያዛቸው። አባይነሽ የወትሮዋን ያህል አላወራችም። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንተ የሻው፣ እንቁረብ።»

«ተያ! ምነው፣ በደህና ውለሽ? ነገ ወጡን ብታሳርሪው በምን ልፍታሽ?»

አልሳቀችም። «ስምንቱንም ልጆች ተሸክሜ ያስቆረብኋቸው እኔ ነኝ። ስምንት ጊዜ እፊቱ ቆሜ፣ ዕርፈ መስቀሉ በአፍንጫዬ ሥር እያለፈ፣ ለእኔ አንዲት ጠብታ አልደረሰችኝም። አሁን ፋንታሁንም ስምንት ዓመት ሞላው፤ ከእንግዲህ የምሸከመው የለኝም። ያለ ልጅ ደግሞ ወደዚያ የሚያስቀርበኝ የለም። ሁለቱ ልጆቼ ቆርበው ነው የሄዱት። እኔ ደጅ ቆሜ ብሞት ምን ብዬ አገኛቸዋለሁ?»

የሻው ቀልድ ፈለገ፤ አጣ።

«እንቢ ካልህ» አለች አባይነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንን በየሳምንቱ የምትለውን አድርገው። ፍታኝ፤ እኔ ብቻዬን እቆርባለሁ።»

ይህን ብላ ጥላው ወረደች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ሲወረውረው የኖረ ሰው፣ ተመልሶ እሱኑ ሲመታው ካፊያው ውስጥ ቆሞ ቀረ። አባይነሽን ማጣት ማለት እኮ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሳቁን ማጣት ነው። ይወዳታል። ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለእሷማ ከቶም።

ለመቁረብ ግን መናዘዝ አለ፤ ችግሩም እሱ ነው። በጣሊያን ጊዜ ማሳው ከማሳው የሚዋሰን ክንዱ የሚባል ጎረቤቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ ነበር። ሦስት ዓመት ወሬው ጠፋ፤ ሞቷል ተባለ። የሻው ቤቱ ቀርቶ እያረሰ፣ በአንድ ማለዳ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ክንዱ ማሳ አገባው። የሞተ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል ብሎ። የሞተው ሰው ጢሙን አጎፍሮ በእግሩ መጣ። ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አየና ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ገባ። የሻው «አላስተዋለም» አለ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ክንዱ በቤተ ክርስቲያን ከዝግባው ወዲያ ማዶ፣ የሻው ከዝግባው ወዲህ ይቆማሉ፤ ለእግዜር ሰላምታ ያህል አንገት ይነቀንቃሉ፤ ሌላ ነገር የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ፣ ሐምሌ ስድስት፣ ቄስ አለነ ቤት ሄደና በሩ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ዘረገፈው።

ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ «ድንጋዩ አሁን የት ነው?» አሉት።

«ቦታው ላይ ነው፣ አባ።»

«የማን ቦታ ላይ?»

የሻው አቀረቀረ። «ጦሙንም ስግደቱንም ያብዙብኝ። መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ እሰግዳለሁ። ብቻ ነገሩ በእርስዎና በእኔ መካከል ይቅር። አገር እንዳይስቅብኝ።»

«አገርማ ሲስቅልህ ኖረ፤ አንድ ቀን ቢስቅብህ አትሞትም። የሻው፣ እኔ ኃጢአት እፈታለሁ እንጂ ድንጋይ አላንከባልልም። ዛሬ ሐምሌ ስድስት ነው፤ ለፍልሰታ ፍቺ አርባ ቀን ቀርቶታል። አርባ ቀን ቀኖና ሰጥቼሃለሁ። መቁጠር የምትጀምረው ግን ድንጋዩ ከተነሣበት ቀን ነው።»

ቤቱ ሲመለስ አባይነሽ ደጃፉ ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ነገራት። ክንዱን ከሚፈራው ይልቅ የእሷን ዓይን ይፈራ ነበርና መሬት መሬት እያየ ነገራት። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። አልሰደበችውም። የባቄላውን ሰፌድ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«በዚያ እህል ስንት ልጅ አሳደግሁ?» አለች።

ተነሥታ ከግድግዳው ላይ ዶማውን አወረደችና «ና፣ ሳይዘንብ» አለችው።

ገብሱ ጭኑ ድረስ ደርሶ ነበር። ድንጋዩ በጭቃ ተይዞ እንቢ አለ፤ የሻው እየቆፈረ፣ አባይነሽ በእጇ ጭቃውን እየጠረገች፣ ሁለቱም በላብ ተጠመቁ። በመጨረሻ ተነቀለ። ከዚያ ያንከባልሉት ጀመር፤ የሻው ጮክ ብሎ ቆጠረ። ዐሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ አላቆመም። ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ብሎ የራሱን ማሳ ቆርጦ ገባ። ኅሊናው ያን ያህል ሸክም ነበረበትና ትርፍ ቢሰጥ የሚቀልለው መስሎት ነው።

ቀና ሲል ክንዱ ዱላውን ይዞ ገብሱን እየሰነጠቀ ሲመጣ አየው።

«አባይነሽ፣ ዞር በይ» አለ የሻው። አልዞረችም።

ክንዱ ደርሶ ድንጋዩን አየ፤ ጭቃ የለበሱትን ባልና ሚስት አየ። የሻው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አንገቱ ላይ ጠመጠመና እግሩ ሥር ወደቀ። «በድዬሃለሁ፣ ክንዱ። መሬትህ ይኸው፣ ከነገብሱ። እንዳሻህ አድርገኝ።»

ክንዱ አልፎት ድንጋዩ ወደ ተነቀለበት ጉድጓድ ሄደ። ከዚያ ተነሥቶ እየረገጠ መጣ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ ግንባሩን ቋጠረ።

«ዐሥራ አራት ነው» አለ።

«አዎ።»

«ዐሥራ ሁለት ነበር የወሰድኸው። ምነው፣ አሁን ደግሞ እኔን ሌባ ልታደርገኝ ነው?»

ዶማውን ከአባይነሽ እጅ ተቀብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ቆፈረ። አንድ ክንድ ያህል ሲወርድ ጥቁር ነገር ወጣ። ከሰል ነው። «አባቴ ድንጋዩን ሲተክል ከሥሩ ከሰል ቀብሮ ነበር። ድንጋይ ይሄዳል፣ ከሰል ግን አይሄድም፤ አይበሰብስምም። የዚያን ጊዜ ቆፍሬ ለዳኛ ባሳይህ አንድ ቀን አትቆምም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳታሳይ?» አለ የሻው፣ ከወደቀበት ሳይነሣ።

ክንዱ በአገጩ ወደ አባይነሽ አመለከተ። «ከበረሃ ስመለስ እናቴ ሞታለች። ማን አስታመማት አልሁ፤ አባይነሽ አሉኝ። ማን ገነዛት፤ አባይነሽ። አርባዋንስ ማን አወጣላት፤ አባይነሽ። እንግዲህ በየትኛው አፌ ልክሰስህ? ዝም አልሁ። ግን ዝም አልሁ እንጂ ይቅር አላልሁህም። በየዓመቱ ሳርስ በሬዎቹ እዚያ ጉድጓዱ ጋ ደርሰው ሲዞሩ ‘ዕድሜህ ይጠር’ እልህ ነበር። አበቡ ሚስቴ እንቁረብ እንቁረብ እያለች ነዘነዘችኝ። እርግማን በአፌ ይዤ በዚያው አፌ እንዴት ልቀበል?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ዐሥራ ሁለት ዓመት አድሯል። የሻው አለቀሰ፤ ክንዱም እሱን ለማንሣት ጎንበስ ሲል እንባው ቀደመው። ከዚያ ሦስቱም ድንጋዩን ሁለት እርምጃ መልሰው ከሰሉ ላይ አስቀመጡት። አባይነሽ እንባዋን በጭቃማ እጇ ብትጠርግ ፊቷ ሁሉ ጭቃ ሆነ፤ ክንዱ ሳቀ፤ የሻውም ተከተለው።

ወሬው በሦስተኛው ቀን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ደረሰ። የሻው እንደፈራው አገር ሳቀበት። «እርምጃው የሻው!» የሚል ቅጽል ወጣለት። ነገር ግን የሳቀ ሁሉ ቤቱ ሲገባ የራሱን ማሳ ያስባል መሰለኝ፤ ሐምሌ ሳያልቅ በዝግባ ሩፋኤል ዙሪያ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማ ጀመር። አንዱ ሦስት እርምጃ፣ ሌላው አንድ ስንዝር መለሰ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማለዳ የየራሳቸውን ስርቆት ሊመልሱ መጥተው ድንበሩ ላይ ዶማ ለዶማ ተገናኙ። አመተ ሥላሴ የምትባለዋ ጉልበተኛ ሴትም ከጎረቤቷ የተዋሰችውን ወንፊት በሰባተኛ ዓመቱ መለሰች፤ ወንፊቱ ከቀዳዳው በቀር የቀረው ነገር ባይኖርም ጎረቤቷ ስማ ተቀበለችው። የቄስ አለነ ደጅ ሰው አያጣም። በሰንበቴውም ከዝግባው ወዲህና ወዲያ ይቆም የነበረው ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ይበላ ጀመር።

የሻው አርባውን ቀን ቆጠረ። ስግደቱ ወገቡን ቆረጠው፤ ጸሎቱ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ አልከበደውም። ቀድሞ «አባታችን ሆይ» ሲል «በደላችንንም ይቅር በለን» የምትለዋን በፍጥነት ያልፋት ነበር። አሁን እዚያች ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። የሚሰማው እንዳለ አወቀ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ፍቺ፣ ቄስ አለነ ዲያቆኑን «የዛሬውን ኅብስት ተለቅ አድርገው» ብለው ነበር። ዘጠኝ ጥንድ ባልና ሚስት ነጭ ለብሰው ገቡ። ክንዱና አበቡም ከመካከላቸው ነበሩ። የሻውና ክንዱ ጎን ለጎን ቆመው ተቀበሉ፤ የሻው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ።

አባይነሽ ተራዋ ደርሶ ነበር። ሁለት እጆቿ ልጅ እንደታቀፈች ሴት ደረቷ ላይ ተጣጥፈው፣ አንደኛው መዳፏ ክርኗን ደግፎ፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ቀረበች። ቄሱ ጠበቋት። እሷም ቁልቁል ወደ ክንዷ አየች። ባዶ ነው። ደንግጣ እጆቿን ለቀቀች፤ የት እንደምታሳርፋቸውም ጠፋት። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ዓይኖቿ እንደተጨፈኑ እንባዋ ጉንጯን አልፎ ወረደ።

ሲመለሱ ሁለቱም አፋቸውን እንደ ሸፈኑ ነበር፤ የቆረበ ሰው ብዙ አያወራምና የሻው ያን ሁሉ ወሬውን ዋጠ። ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ግን አባይነሽ ከነጠላዋ ሥር በቀስታ «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ በምን ታስፈራራኛለህ?» አለችው።

የሻውም፣ ክንዱና አበቡ ከኋላቸው እየመጡ፣ ሰውም እያየ፣ በሃያ ሦስት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ እጁን ዘርግቶ ያንን ባዶ እጇን ያዘ።

«ምነው?» አለች ደንግጣ።

«ያዳልጣል» አላት።

መንገዱ እዚያ ጋ ደረቅ ድንጋይ ነበር። አባይነሽም ይህን ታውቃለች፤ ግን እጇን ሳታስለቅቅ እስከ ቤታቸው ሄደች።