አሥራ ሁለተኛው አንጓ

ሠዓሊዋ ሥዕሉን ካስረከበች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ የነፍሳት ተመራማሪው ዶክተር ደወለላት።

"ሥዕሉስ ቆንጆ ነው፤ ግን ከቀንዱ አንዲት አንጓ ረስተሻል" አላት።

ለግብርና ኮሌጁ የነፍሳት ክፍል መሣል ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። የዝንብ ክንፍ፣ የጉንዳን መንጋጋ፣ የትንኝ ቅልጥም ስትሥል ኖራ አንድም ቀን "ረስተሻል" ተብላ አታውቅም። የአሁኑ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። እንጨት ውስጥ የሚያድግ፣ ቀንዱ ከገላው የሚረዝም ጢንዚዛ ነው። ዶክተሩ እስከ ዛሬ ማንም የማያውቀው አዲስ ዝርያ ነው ብሎ መግለጫውን ሲጽፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በእጁ ያለው ደግሞ በመርፌ ተወግቶ የተቀመጠ አንድ ብቻ ነው። ትልቁ ማስረጃው ቀንዱ ነበር፤ የዘመዶቹ ሁሉ አሥራ አንድ አንጓ ሲኖረው የዚህኛው አሥራ ሁለት አለው። አሁን ሥዕሉ ጽሑፉን ውሸታም ሊያደርገው ነው።

ማስታወሻዋን አወጣች። ሦስት ጊዜ ቆጥራለች፤ ሦስቴም አሥራ አንድ።

አውቶቡስ ነጂ ባሏ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። "ምናልባት ዐይንሽን ብትታዪ" አላት። "ባለፈው ጨው አቀብዪኝ ስልሽ ስኳር ሰጥተሽኛል እኮ።"

ሳቀች። በማግስቱ ወደ ክፍሉ ስትወጣ ደረጃዎቹን ቆጠረች። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት አልነበሩም እንዴ?

ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን አዘጋጅቶ ጠበቃት። ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ ቆጠረና "አሥራ ሁለት" ብሎ ተነሣላት። በተራዋ ተቀመጠች።

"አሥራ አንድ።"

"ከየት ነው የጀመርሽው?"

"ከሥሩ። እርስዎስ?"

"እኔም ከሥሩ ነው።"

ደገሙት። እሱ አሥራ ሁለት፣ እሷ አሥራ አንድ። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ዕቃዋን ሰብስባ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ነው የዶክተሩ እርሳስ ወዴት እንደሚያመለክት ያየችው።

"ዶክተር፣ የቱን ነው የሚቆጥሩት?"

"ቀኙን ነዋ።"

"እኔ እኮ ግራውን ነው። ቀኙ እግሩ ላይ ስለተጋደመ ለመሣል አልመቸኝም፤ ግራውን ገልብጬ ሣልኩት።"

ቦታ ተቀያየሩ። ግራው አሥራ አንድ፣ ቀኙ አሥራ ሁለት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ነገሩ ግን ጭራሽ ተወሳሰበ። ዶክተሩ እርሳሱን አስቀመጠና "እስቲ ጋሼ ቀስታን ጥሪልኝ" አላት።

ጋሼ ቀስታ የነፍሳቱ ሳጥን ጠባቂ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሩን ያለፈውን ሁሉ "ቀስ፣ ቀስ" ሲሉ ኖረው ስሙ በዚያው ወጣላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ጢንዚዛውን በባዶ ዐይናቸው እንዳዩት እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

"ይሄ እንኳ ክፍል ስንቀይር የወደቀው ሳጥን ውስጥ የነበረ ነው።"

"የወደቀ ሳጥን አለ?" አለ ዶክተሩ።

"ከእኔው እጅ ነው የወደቀው። ቀንዱ ሁሉ ወለል ላይ ተበትኖ ለቀምኩት። ረጅሙን ለረጅሙ፣ አጭሩን ለአጭሩ እያልኩ በሙጫ መለስኩ።"

"የዚህንስ?"

"ሁለቱንም ይመስለኛል።"

"ታዲያ እንዴት ሳይነግሩኝ?"

"ያኔ እርስዎ አልመጡም። የነበሩት አለቃ ደግሞ አልጠየቁኝም።"

ዶክተሩ የትኛው እንደተጣበቀ እንዲታይ ጢንዚዛውን ወደ ሠዓሊዋ ገፋ። ሠዓሊዋ ለብ ያለ ውሃና ቀጭን ብሩሽ አመጣች። የቀኙን ቀንድ ሥር ደጋግማ ስታርሰው ሙጫው ላላና ቀንዱ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ግራው ንቅንቅ አላለም። በመነጽሩ ብትፈልግ ብትፈልግ የሙጫ ዘር የለበትም።

"እኔ ግን ሁለቱንም ያጣበቅኩ ይመስለኝ ነበር" አሉ ጋሼ ቀስታ፣ ራሳቸውን እንደ መጠርጠር ብለው።

"እንግዲህ የራሱ ግራው ከሆነ አሥራ አንድ ነው ማለት ነው" አለች። "ታዲያ አዲስ አይደለም?"

ዶክተሩ ጽሑፉን አውጥቶ ስለ ቀንዱ የሚያወራውን ሁሉ ሰረዘ። ለማስረጃ የቀሩት የጢንዚዛው ትከሻ ላይ ያለው እሾህና ጀርባው ላይ ያለው ነጭ መቀነት ናቸው።

"አዲስ ነው... ይመስለኛል" አላት። "ትናንት ብትጠይቂኝ አፌን ሞልቼ ነበር የምነግርሽ።"

የወደቀው ቀንድስ የማን ነው? ጋሼ ቀስታ ያን ሳጥን ይዘው መጡ። በውስጡ ያሉት ጢንዚዛዎች ሁሉ ሁለት ሁለት ቀንድ አላቸው፤ ሁሉም አሥራ አንድ አንጓ፤ አንድም የጎደለበት የለም። አሥራ ሁለት አንጓ የነበረው ጢንዚዛ ቀንዱን ጥሎ አካሉ የት ገባ?

"ገላው ተሰባብሮ ከነበረ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከአቧራው ጋር ጠርጌው ይሆናል።"

ዶክተሩ ሳጥኑን ዘጋ።

መግለጫው በአሥራ አንድ አንጓ ታትሞ ወጣ፤ ሥዕሏም ቀኝ ቀንዱ ብቻ ተሰርዞ አብሮ ታተመ። ዶክተሩ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ሲሉት እያመሰገነ ዐይኑን ይሰብራል። ብቻውን የቀረው ቀንድ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ገባ። የጠርሙሱ ወረቀት ላይ ቀኑንና የክፍሉን ቁጥር የጻፈችው እሷ ናት፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው።

ጋሼ ቀስታ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ይከፍታሉ። አንድ ጠዋት ሠዓሊዋን እጇን ይዘው ወሰዷት። ከሌሎች ጋር ተደባልቆ የተቀመጠ፣ ቀኝ ቀንድ የሌለው ጢንዚዛ አግኝተዋል።

"የጠርሙሱ ቀንድ የዚህ ይሆን? ግራውን ቁጠሪልኝ፣ ልጄ።"

ቆጠረች። "አሥራ አንድ ነው፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እንደገና ከሥሩ መቁጠር ጀመረች።