የገብረየሱስ ጭላዳ

ሰዓሊው ገብረየሱስ በሚሥለው ሥዕል ሁሉ ውስጥ አንድ ጭላዳ ያስገባ ነበር። በልደት ሥዕል ላይ ጭላዳው ከላሟና ከአህያዋ ኋላ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ይመለከታል። በዳግም ምጽአት ሥዕል ላይ ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ ተሰልፈው ሳለ እሱ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ወደየትኛው እንደሚመደብ የታወቀ ነገር የለም።

በዘመሮ ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎች ይህን ለምደውታል። በመጀመሪያው ጊዜ፣ የገብርኤልን ቤተ መቅደስ ሲሥል፣ ገበዙ መምሬ ተክለጻድቅ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት መጥተው አቡጀዲውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ይኼ አውሬ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?» አሉት።

«የትም የለም አባ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሣር ይበላል።»

መምሬ ተክለጻድቅ ጥቂት አሰቡ። «ሥጋ አይቀምስም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጾመኛ ነው። ይሁን።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቀው ሰው የለም።

የጭላዳውን ነገር የሚያውቁት ገብረየሱስና ሚስቱ ወሰኔ ብቻ ነበሩ። ገብረየሱስ በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር፤ መምህሩ ገዳም ሊያስገቡት ስንቁ ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። ወሰኔ ደግሞ ግሼ ላለ ሰው ታጭታ ሠርጓ ተቃርቧል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«እኔ ግሼ አልሄድም» አለችው።

«እኔ ግን ገዳም ልሄድ ነው» አላት።

«ገዳሙ የትም አይሄድም። ይቆይሃል።»

በጓሳ በኩል አድርገው ወጡ። ሜዳው ላይ እንደ ደረሱ ጉሙ ወረደባቸውና መንገዱ ጠፋቸው። ገደል እንዳይገቡ ሣሩ መሐል ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆዩ። ጉሙ ሲገለጥ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ኖሯል። አያቸው። ከዚያ እጁን ሰደደና ሣሩን እየነጨ መብላቱን ቀጠለ።

«አየን» አለች ወሰኔ።

«አየን።»

«ይናገርብን ይሆን?»

«አይመስለኝም» አለ ገብረየሱስ፤ እሷም ሳቀች። ከቤት ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው።

ሽማግሌዎች ተልከው ሲመጡ ገብረየሱስ «ጠልፌያት ነው» አላቸው። በዚያ አገር ልጅቱ ተጠለፈች ቢባል ጥፋቱ የጠላፊው ነው፤ በራሷ ፈቃድ ኮበለለች ከተባለ ግን ቤተሰቧ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እሱ ክህነቱን አጣ፤ ካሳውም ተፈረደበት። የወሰኔ ታላቅ ወንድም ወዳጆ ከጠላፊው ጋር በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ላይቀመጥ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ፤ ለቅሶ ላይ ገብረየሱስ ድንኳን ውስጥ ከገባ ወዳጆ ውጭ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ገብረየሱስ ለመቅደስ አገልግሎት ባይበቃም ለግድግዳው ይበቃል ተብሎ ሥዕል ተማረ። ጭላዳውም በዚያ ጊዜ ገባ።

አብዮቱ ስድስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል ጓድ በዕውቀቱ የተባለ ካድሬ ገብረየሱስን አስጠራው። ጓድ በዕውቀቱ ከዓለም ከተማ የመጣ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ እንቅልፍ የራቀው የሚመስል ሰው ነው። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሦስት ባለጺም ፈላስፎች ተደርድረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ።

«ይኼ በትልቅ አቡጀዲ ይሣልልኝ» አለ። «ከበላይ አካል የሚመጡ እንግዳ አሉ። መድረኩ ላይ ይሰቀላል።»

ገብረየሱስ ወረቀቱን አየው። «ኃጥአን ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

«ምን?»

«አንዳንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። በእኛ ሥዕል ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣንና የእሱ ወገን ነው። ጻድቅ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። እንዲሁ እንዳሉ ልተዋቸው?»

ጓድ በዕውቀቱ በሩን ዞር ብሎ አየ። «አይ፣ አይተዉዋቸው» አለ ዝግ ብሎ። «ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዙሯቸው።»

ገብረየሱስ አዞራቸው። ዓይናቸውን ትልልቅ አደረገው፤ ጺማቸውን እንደ ነቢያት ጺም አንድ በአንድ አወረደው። ሥራው ደስ አሰኘው። ሲያልቅ ከመሐለኛው ትከሻ ጀርባ፣ ተራራው ላይ፣ ጭላዳውን አስቀመጠ። ይህን ሲያደርግ ብዙም አላሰበበትም፤ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ሲጨርስ ስሙን ሲያኖር ብዙ እንደማያስበው ማለት ነው።

ጓድ በዕውቀቱ ሥዕሉን ሊረከብ መጥቶ ከላይ ጀምሮ እያደነቀ ወረደ። ተራራው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኼ ማነው?»

«ጭላዳ ነው።»

«ጭላዳ መሆኑን አይቻለሁ። ማነው ነው ያልኩት።»

ገብረየሱስ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ።

«ጺሙ ከእነሱ ጺም ጋር ይመሳሰላል።»

«ተፈጥሮው ነው።»

«ደረቱ ላይ ያለው ቀይስ?»

«እሱም ተፈጥሮው ነው።»

«ሌላ ቀለም ሊያደርጉት አይችሉም ነበር?»

«ደረቱ ሌላ ቀለም የሆነ ጭላዳ አይቼ አላውቅም።»

ጓድ በዕውቀቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አቶ ገብረየሱስ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። «ማን እንደሆነ ይንገሩኝና እኔው ልጻፈው። ካልነገሩኝ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።»

ገብረየሱስ ለመዋሸት ሞከረ። ነገር ግን በዕድሜው የዋሸው አንድ ውሸት ብቻ ነበር፤ ያንኑ ጠብቆ ለማቆየት ያለ የሌለ ችሎታውን ሁሉ ጨርሷል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ወሰኔ ኮብላይ ልትባል ነው።

«የራሴ ነው» አለ።

«የራስ የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ ጓድ በዕውቀቱ፤ በቁጣ ሳይሆን የረሳውን ሰው እንደሚያስታውስ ሆኖ።

ገብረየሱስን የገበሬ ማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ጠባቂው ዳኜ ጎረቤቱ ስለነበር ከሰል አምጥቶለት ፈረሱን ግድግዳው ላይ እንዲሥልለት ለመነው። ገብረየሱስ ሣለለት። ዳኜ አመስግኖ፣ አጠገቡ ጭላዳ እንዳይጨምርበት አደራ አለው።

በማግሥቱ ወሰኔ ጋቢና በሶ ይዛ መጣች። በሶውን ለዳኜ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ውስጥ የማኅበሩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ወዳጆም የኮሚቴ አባል ስለነበር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ወሰኔ ወንድሟን አየችው፤ አይታው አልተመለሰችም።

«ባለቤቱ ነዎት?» አላት ጓድ በዕውቀቱ።

«ነኝ።»

«ጭላዳው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ስሙን ግን አልጠየቅነውም።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። ወሰኔ ነጠላዋን አስተካክላ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። «ጠለፈኝ የሚባለው ሐሰት ነው። እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። እሱ ገዳም ሊገባ ስንቁን አሰናድቶ ነበር። መንገድ ላይ ጠብቄ ወሰድኩት። ጓሳ ላይ ጉም ያዘን። ጉሙ ሲገለጥ ያ ጭላዳ ቁጭ ብሎ አየን፤ አይቶን ለማንም አልተናገረብንም። ባሌ የሚሥለው ያንን ውለታ ነው።»

ወዳጆ ዱላውን ይመለከት ነበር።

«ይኼ ብቻ ነው?» አለ ጓድ በዕውቀቱ።

«ይኼ ብቻ ነው።»

«ጭላዳው ከኋላው ድርጅት የለውም?»

«መንጋ ነበረው» አለች ወሰኔ።

ጓድ በዕውቀቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እውነቷን መሆኑን አምኗል፤ ችግሩ ይህን ለበላይ አካል እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ነው። ጭላዳውን በቀለም እንዳያስጠፋ ኮሚቴው በሙሉ አይቶታል፤ ለምን ጠፋ የሚል ይመጣል። ግንባሩን ይዞ ሲያስብ ቆይቶ ቀና አለ። ሰው በሥራ ምክንያት ከዝንጀሮ እየተለወጠ እንደመጣ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረው ትዝ አለው። ያንን የጻፈው ሥዕሉ ላይ ካሉት ሦስት ፈላስፎች አንዱ ነው።

«ጭላዳው ትክክል ነው» አለ ለኮሚቴው። «ያለፍንበት ደረጃ ነው።»

ኮሚቴው ተቀበለ። ገብረየሱስ ተፈታ።

በበዓሉ ቀን እንግዳው ከሥዕሉ ፊት ቆመው ማብራሪያውን በጥሞና ሰሙ። ተራራውንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለከቱ። ለሠራተኞች ቀን ነገሩ ሰፋ ተደርጎ እንዲሣል አዘዙ፤ መጀመሪያ ሣር የሚበላ ጭላዳ፣ ቀጥሎ በሁለት እግሩ የቆመ፣ ቀጥሎ ድንጋይ የጨበጠ፣ መጨረሻ ላይ መዶሻ የያዘ ሠራተኛ። ገብረየሱስ እሺ አለ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ እምቢ አይባልም።

ክረምቱ ሄዶ በጋው እስኪጋመስ ደከመበት። ጠጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጣቶቹ፣ የደረቱ ቀይ፣ አንድም የጎደለው ነገር አልነበረም። ጓድ በዕውቀቱ አይቶ በእጅጉ ረካ። ሥዕሉ ከመወሰዱ በፊት ወሰኔ ከጓሮ ገብታ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ከፊቱ ቆመች። ቆየች።

«ይኼኛው እኛን አላየንም» አለች።

«አላየንም» አለ ገብረየሱስ።

ሥዕሉን ወስደው ሰቀሉት። ገብረየሱስ ከዚያ በኋላ ጭላዳ ሥሎ አያውቅም። በሌላ ሰው ትዕዛዝ ከሣለው ወዲህ እጁ ወደዚያ ሲሄድ ደረጃ የሚባለው ነገር ይመጣበት ነበር።

ከግንቦት ልደታ በኋላ አንድ ከሰዓት ወዳጆ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ገባ። ወሰኔ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችለት።

«ስጠላህ ኖርኩ» አለ ወዳጆ።

«አውቃለሁ» አለ ገብረየሱስ።

«ስንት ለቅሶ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ እሷን ትጠላት ነበር።»

ወዳጆ ይህን ከልቡ አሰበበት። «እጠላት ነበር» አለ።

«አሁንስ ወንድም ጋሼ?» አለች ወሰኔ፣ ከምድጃው በኩል ፊቷን ሳታዞር።

«አሁንማ አርጅቻለሁ። አዲስ ጠብ አልጀምርም።»

ወሰኔ የገብስ ጠላ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጣና ዋንጫውን እግሩ ሥር አኖረ። ከዚያ የመጣበትን ሌላ ጉዳይ አነሣ። በጎቹን በሽታ ሲፈጃቸው ለገብርኤል ሥዕል አገባለሁ ብሎ ተስሎ ነበርና ስለቱን ሊያደርስ ነው። እንደ ደንቡም ሥዕሉን በስለት የሰጠው ሰው ከመልአኩ እግር በታች ተንበርክኮ ይሣላል።

«እኔን ትሥለኛለህ?» አለ።

«ሥራዬ ነው።»

ወዳጆ በየቀኑ እየመጣ መደቡ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ገብረየሱስ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጠው፤ ጋቢውን ነጭ አደረገለት፤ እጆቹን ለጸሎት ዘረጋለት። ሥዕሉ ሲያልቅ ወዳጆ ጠጋ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎም አየ። በሁሉ ነገር ተስማማ፤ ጆሮዎቹ ግን ተለቁብኝ አለ። ገብረየሱስ ትክክለኛ ልካቸው መሆኑን ነገረው። ወዳጆ አላመነምና እህቱን ጠራ። ወሰኔ ሥዕሉንም ወንድሟንም አይታ ልክ ነው አለች። እንደዚያም ሆኖ ገብረየሱስ ብሩሹን አንሥቶ ጆሮዎቹን ትንሽ ትንሽ አሳነሳቸው።