አፈሙዝ ውስጥ የቀረ እርሳስ

ሆሊስ እንደ ሁልጊዜው እሁድ ከሰዓት በኋላ በአማቱ በቨርጅል ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሽማግሌውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አፈሙዝ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል። ቨርጅል የኬንታኪ ተራራ ሰው ናቸው፤ ጥይት ገዝተው አያውቁም። እርሳሱን አቅልጠው፣ በቅርጽ አፍስሰው፣ ባሩድ ጨምረው በተተኮሰ ቀለህ ላይ መልሰው ይገጥሙታል። በተተኮሰ ቁጥር ታዲያ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ እየተለጠፈ ይቀራል። ፈትጎ የሚያወጣው ደግሞ ሆሊስ ነው።

ሚስቱ ሬና ከሞተች ወዲህ እዚህ አገር የሚይዘው ነገር የለም። ሌክሲንግተን ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ እመጣለሁ ወይም ቀርቻለሁ ብሎ መልስ የሚሰጠው ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ለሽማግሌው ሊነግራቸው ቆርጦ መጥቷል። ያለፈው እሁድም ቆርጦ ነበር የመጣው፣ ምስኪን!

"አሁንም ያዘ?" አሉ ቨርጅል።

"ይዟል፣ አባባ። ጥይቱን ልኩን እንዲይዝ የምናሳልፍበት ቀለበት ጠባብ ነው እኮ። ጥይቱ ይቀጥንና እሳቱ በጎኑ እያመለጠ ያቀልጠዋል።"

"ወሬኛ! እርሳሱ ለስልሶ ነው። እንዲጠነክር ለሚቀጥለው እሁድ ቆርቆሮ እንጨምርበታለን።"

"ባለፈውም ጨምረን ነበር።"

"አልበቃውማ! ክርክሩን ከሬና ነው የተማርከው? ይልቅ ፈትግ።" ባቄላውን ሊያሞቁ ወደ ቤት ገቡ።

ሆሊስ ጨርቅ ፍለጋ የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። ከጨርቁ ሥር ሌላ ቀለበት አገኘ፤ ሰፋ ያለ፣ ዘይት የተቀባ፣ አፉ ላይ ትኩስ የእርሳስ ብናኝ ያለበት። አንድ ጥይት አሳለፈበትና ከሽጉጡ የጥይት ጉድጓዶች ወደ አንዱ ገፋው። ልክክ ብሎ ገባ።

ቨርጅል በሳምንቱ መሀል ለብቻቸው ይተኩሳሉ። ያኔ ግን ሽጉጡ ይቆሽሻል ብለው ጠርተውት አያውቁም። ለካ ጠባቡን ቀለበት የሚያወጡት እሱ ለሚመጣበት እሁድ ብቻ ነው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ማለት ይሄ ነው። ሆሊስ ደሙ ፈላ። ቀለበቱን ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሊወረውርላቸው ተነሣ።

"ሆሊስ!" አሉ ቨርጅል ከወጥ ቤት። ድምፃቸው ቀጠን ብሏል። "ሁለት ሳህን ላውጣ?"

እሁድ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቃሉ። ሆሊስ በሩ ላይ ቆመ። እሱ በሌለበት እሁድ አንድ ሳህን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ታየው።

"ያውጡ፣ አባባ።"

ቀለበቱን መልሶ ጨርቁ ሥር ከተተው። ሽማግሌው እጃቸውን እየጠረጉ መጡና ፊቱን አዩት፤ ከዚያ መሳቢያውን።

"ለሚቀጥለው እሁድ እንግዲህ..." ብለው ቀሩ።

"ቆርቆሮ እንጨምርበታለን" አለ ሆሊስ፤ ብሩሹንም አነሣ።