የሰባት ቁጥር መርከብ የፊት በር

የእድራችን ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ አምሮ አይደለም፤ በምርጫው ቀን አርፍጄ ስለደረስኩ ነው። ከዚያ ወዲህ በስደት በምንኖርባት ኦሮራ ከተማ ሰው ሳይሞት የሕይወት ታሪኩን የምሰበስበው እኔ አባይነህ ነኝ። እንጀራዬ ታክሲ መንዳት ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ በቁም ያለውን ሰው እቀብራለሁ።

ሕጉ የወጣው አምና ነው። አንድ ልቅሶ ላይ የሟች ታሪክ ሲነበብ የመጀመሪያ ሚስታቸው ስም ተጠራ። አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሱ የነበሩት ሚስት ደግሞ ሌላ ሚስት እንደነበረች የሰሙት ገና ያኔ ነው። ልቅሶው ቀርቶ ጠብ ሆነ። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ያለፈው አባል ሁሉ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ የትዳር ጓደኛው ሰምታ ፈርማበት እንዲያስገባ ተወሰነ።

ጋሽ ደምሰው ዐሥራ አንድ ገጽ አመጡ።

ጋሽ ደምሰው የድሮ ባሕረኛ ናቸው። ታኅሣሥ ዐሥራ ሰባት የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራቸው፤ ሐኪሙ «አይዞዎት» ያለበት አኳኋን ስላላማራቸው ወረቀቱን ከዚያ በፊት ማስገባት ፈለጉ። ሃቫና ስትሪት ላይ መኪናዬን አቁሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከገጽ አንድ ጀምሮ ያለው ሁሉ ስለ መርከብ ነው። እሳቸው ራሳቸው የተወለዱት ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ነው፣ እሱም በአንድ መስመር።

«ሰባት ቁጥር መርከብ በባዕድ አገር ተሠርታ በ1972 ዓ.ም. ምጽዋ ገባች» ይላል። «ሆዷ ጠፍጣፋ ነበር። ባሕሩ ዳር ድረስ ተጠግታ የፊት በሯን እንደ ድልድይ ትዘረጋና ታንክ ታራግፋለች።» ሦስት ጊዜ በጥይት ተመትታለች፣ ሁለት ጊዜ አሸዋ ላይ ተቀርቅራለች፣ አንድ ፋሲካ ደግሞ በታንክ ፋንታ ሰማንያ ፍየል ጭና አንዱ ፍየል የአዛዡን ካርታ በልቷል። መጨረሻዋም ተጽፏል፤ በ1983 ወደ ሰው አገር ወደብ ሸሽታ፣ እዚያው ዛገችና ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እውነቱን ለመናገር ከፍየሉ በኋላ ያለውን ዘልዬ ነው መጨረሻው ላይ የደረስኩት።

ደወልኩላቸው። «ጋሽ ደምሰው፣ ሟች ማን ነው? እርስዎ ነዎት መርከቧ?»

«እኔ ገና ነኝ» አሉ። «እሷ ግን ልቅሶ ያልተቀመጠላት ምስኪን ናት።»

«አንድ ገጽ ነው የተፈቀደው። ካት ማድረግ አለብኝ።»

«ፍየሉንም አውጣው፣ እኔንም አውጣኝ። ገጽ ዘጠኝን ብቻ እንዳትነካ። መጥተህም ለዘርፈሽዋል አንተ አንብብላት፤ እኔ አልችልም።»

ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርትመንታቸው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጃንጥላውን ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ ዘርፍ፣ ገና ፕላስቲኩ ውስጥ። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፈሽዋል በየዓመቱ ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ለገብርኤል የሚያስገቡት ስለት ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ኦሮራ ውስጥ የለም፤ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ቢገኝ አስቀምጠው ይነግሩታል። ምጽዋ ልትያዝ ስትል ሕዝቡ ወደ ወደቡ ሲጎርፍ የሰባት ቁጥር በር እንዲዘጋ ትእዛዝ ተሰጠ። ገብርኤል ግን ሰንሰለቱን ያዘው። በሩ አልዘጋ አለ፣ አራት መቶ ሰው ገባ፣ እትዬም አብረው ገቡ። ከዚያች መርከብ ላይ ነው ባልም ያገኙት። ሠላሳ አምስት ጃንጥላ አስገብተዋል፤ ካህናቱ ማስቀመጫ ቢያጡም ገብርኤልን በቃህ የሚል ሰው አልተገኘም።

ተቀመጥን። ገጽ ዘጠኝን ማንበብ ጀመርኩ።

«ለታንክ ነበር የመጣነው። ታንኩ አልመጣም፤ ሰው መጣ። በሩን ዝጋ ተባልኩ፤ የበሩን ሞተር የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሰንሰለቱ ተበላሽቷል ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። አዛዡ ወርዶ ሰንሰለቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም ብሎ ተመለሰ። ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም ነበር። አንዲት ሴት አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከሩቅ እየሰደበችኝ ትሮጥ ነበር። እሷ ሳትገባ መዝጋት አልቻልኩም።»

ዘልዬ ማለፌን የዚያን ጊዜ ረገምኩት። ቀድሜ ባነበው ኖሮ አሞኛል ብዬ እቀር ነበር።

እትዬ ዘርፈሽዋል ጃንጥላውን አዩ፣ ከዚያ ባላቸውን። «ሰንሰለቱ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?»

«መጀመሪያ ነገሩ ያስረሽነኝ ነበር። ኋላ ደግሞ አንቺ ለገብርኤል ተሳልሽ። ከመልአክ ጋር ምን ያከራክረኛል?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ጃንጥላውን ተሸክመህ ከኋላዬ ስትከተል!»

«አይከብድም» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ብዕሩን ለእትዬ አቀበልኳቸው፤ መልሰው ወረወሩልኝ። «አልፈርምም! ውሸቱን ሲጨርስ ሊሞትብኝ ነው? ከሆስፒታል ወጥቶ ራሱ ያንብብልኝ፤ ያኔ እፈርማለሁ።» የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ፈርተው ነበር። እኔም ፈራሁ።

ታኅሣሥ ዐሥራ ሰባት ጠዋት ሁለቱንም ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በረዶ ይጥል ነበር። እትዬ ጃንጥላውን ከነፕላስቲኩ ታቅፈው መኪና ውስጥ ገቡ። ፓርክ እንዳደረግሁ ፕላስቲኩን ቀደዱት፣ ዘረጉት፣ ባላቸው ራስ ላይ ያዙት።

«ኧረ ተይ፣ ሰው ያየናል» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ይየን!»

«የገብርኤል ነው እኮ፣ ነውር ነው።»

«ገብርኤል ሁለት ቀን ይጠብቃል። ሠላሳ አምስት ወስዷል።»

እንደ ታቦት አጅበናቸው ሄድን። አንዲት ነርስ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችን። በሩ ጋ ስንደርስ ራሱ የሚከፈተው መስተዋት ተከፈተ፤ እኔና ጋሽ ደምሰው ገባን። ጃንጥላው ግን በበሩ አላልፍ አለ። እትዬ ወደ ውጭ ተመልሰው ሊያጥፉት ታገሉ፤ አዲስ ስለሆነ ብረቱ እሺ አላለም። በሩ ሊዘጋ ተንቀሳቀሰ።

ጋሽ ደምሰው ተመልሰው መሃሉ ላይ ቆሙ። መስተዋቱ ወደ ኋላ አለ። በረዶው ወደ ውስጥ ገባ፤ የተቀመጡት በሽተኞች ኮታቸውን ሰበሰቡ። ጥበቃው መጣ። «ሰር፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ በሩ ይዘጋ።»

ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን እንኳን አላዞሩም።

«ብሮክን» አሉት፤ ተበላሽቷል።

ጥበቃው በሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ደጅ ላይ ከጃንጥላ ጋር የሚታገሉትን ሴትዮ አየ። ዝም ብሎ ተመለሰ። እትዬ ዘርፈሽዋል ገቡ።