በጭብጨባው መሃል የተቀዳው ድምፅ

በ1964 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ውስጥ ባንድ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ሣህሉ ግን ከመውደድ አልፎ ነበር። ሣህሉ የምድር ባቡር ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አላገባም። ከዚራ ሰፈር በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ ከአልጋው ቀጥሎ ትልቁ ዕቃው ከጅቡቲ ያስመጣው የጀርመን ቴፕ ነበር። ራሱ መዝፈን አይችልም። ጊታር ቢሰጡት ከየት እንደሚያዝ አያውቅም። ሲያጨበጭብ እንኳ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ይሁንና ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ ገና ጊታሩን ሲቃኝ ፀጉሩ ይቆማል።

ሸክላ አይወድም። የሚወደው ሕዝብ ፊት የተጫወቱትን መቅዳት ነው፤ ዘፋኟ ስትስቅ፣ የጊታር ክር ሲበጠስ፣ ከኋላ አንድ ሰካራም ሲጮህ፣ ሁሉንም እንዳለ። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ባንድ አንድ ግሪክ በከፈተው የዳንስ አዳራሽ ሲጫወት፣ ሣህሉ ቴፑን በጋሪ ጭኖ ይሄዳል። ማይክራፎኑን የሚይዝለት ጓደኛው ዱዓሌ ነው፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሶማሌ። ማይክራፎኑን ሸምበቆ ጫፍ ላይ ያስሩትና ዱዓሌ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። እጁ ሲዝል ወደ ትከሻው ያወርደዋል። ዱዓሌ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ አፉ አያርፍም።

በግንቦት፣ ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት አንድ እሁድ፣ አዳራሹ እስከ በር ድረስ ሞልቶ ነበር። ድራም የሚመታው ወልደጻድቅ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ቀርቷል። ከበስተኋላው፣ የሳንቃው ግድግዳ ላይ፣ እንደ ማንኛውም አዳራሽ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፍሬሙ ከባድ፣ ወርቅ ቅብ ነው። ወልደጻድቅ ትልቁን ድራም በረገጠ ቁጥር ሳንቃው ይነዝራል። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ፍሬሙ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ነበር።

ጭብጨባው ቀለጠ። ዱዓሌ እጁ ዝሎ ሸምበቆውን ትከሻው ላይ አሳርፏል። ወደ ሣህሉ ጆሮ ጎንበስ አለና፣

«ወርያ ሣህሉ፣ ቀና በል! አንድ ዘፈን ከጨመሩ ሰውየው ይወርዳል ወላሂ!» አለው።

ሣህሉ ቀና ብሎ አየና ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጊታሩ ጀመረና ረሱት።

ያ አራተኛው ዘፈን ሳቢያን ባንድ ከተጫወተው ሁሉ የበለጠ ነበር። ሌሎቹ ዝም ብለው ለወልደጻድቅ ለቀቁለት። ዱላዎቹ አይታዩም፤ ላቡ እንደ ዝናብ ይረጫል። በዚያው መሃል ፍሬሙ ከግድግዳው ወርዶ መድረኩ ላይ ተከሰከሰ።

ሙዚቃው ቆመ። ዘፋኟ ኢስታር በማይክራፎኑ፣ «ውይ በሞትኩት! ሚስማሩ ተነቅሎ ነው! አትንቀሳቀሱ፣ ጠርሙስ አለ!» አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና አፉን ያዘ። ግሪኩ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣ፤ ፎቶውን አንስቶ በእጅጌው ጠረገው። ማንም ሂዱ ሳይለው ሰዉ እየተሹለከለከ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ወሬው ግምጃ ቤት ድረስ ደረሰ። የፀጥታ ሰዎች ወልደጻድቅን ከቤቱ ወስደውታል። ሆን ብሎ በዱላው መትቶ ጣለው ተብሏል፤ ከሕዝቡም መሃል «ይውረድ!» ብለው የጮሁ ነበሩ ተብሏል።

ሣህሉ ለምሳ ሲለቀቁ ምሳውን ሳይበላ ቤቱ ገባ። መስኮቱን ዘጋ፤ ቴፑን ከፍቶ ጆሮውን ደገነ። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ፤ ጭብጨባው መጣ፤ ከዚያም ዱዓሌ ክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስል፣ «ወርያ ሣህሉ፣ ቀና በል!» አለ።

ሣህሉ ከወንበሩ ተነሳ። ማይክራፎኑ ዱዓሌ አፍ ላይ ነበርና ሌላው ሁሉ ሩቅ፣ እሱ ብቻ ቅርብ ነው። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች። የሣህሉ ስም አለ። የሣህሉ ሳቅ አለ። ከሶማሊያ ጋር በድንበር ጦርነት ከሆነ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ መጋላ ውስጥ አሁንም ጆሮ ጠቢ የሌለበት ሻይ ቤት የለም። አንድ ሶማሌ «ይወርዳል» ብሎ፣ እውነትም ሲወርድ፣ ቀልድ ነው ብሎ የሚያምን የትኛው ፖሊስ ነው?

የቴፑን ክር ላቃጥለው አለ በልቡ። ግን ቴፑን አላቆመውም ነበርና ዘፈኑ ቀጠለ። ወልደጻድቅ ብቻውን ሲመታ ሰማ። ፍሬሙ ሲከሰከስ ሰማ፤ ድራሙ ግን አላቋረጠም። ሁለቱም እጆች ድራሙ ላይ ናቸው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሰማው ይለየዋል። ከዚያ ኢስታር ስለ ሚስማሩ ትናገራለች። «ይውረድ» ያለ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ወልደጻድቅን የሚያስፈታውም ይኸው ክር ነው፣ ዱዓሌን የሚያሳስረውም ይኸው ክር ነው። ያቺን የዱዓሌን ንግግር ብቻ ነጥሎ ማጥፋት አለበት። ቀይዋ ቁልፍ ከተጫነች ቴፑ የነበረውን እያጠፋ ነው የሚቀዳው። ክሩን መለሰው። ጣቱን ቀይዋ ላይ ሲያደርግ በሩ ተንኳኳ።

የሺአረግ ነበረች፣ የወልደጻድቅ ሚስት። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፤ ዓይኗ አብጧል።

«ሣህሉ ወንድሜ፣ የትናንቱን ቀድተሃል አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«መቼ ሳትቀዳ ቀርተህ ታውቃለህ! ነገርኳቸው እኮ።»

«ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለነሱ ነዋ! ስንቅ ይዤ ብሄድ አላስገባ አሉኝ። ባሌ ምንም አላደረገም፣ ሣህሉ ቀድቶታል፣ ስሙት አልኳቸው። ይመጣሉ አሁን።» እጁን ይዛ ልትስመው ጎንበስ አለች። «እግዜር ነው አንተን እዚያ ያስቀመጠህ።»

ሣህሉ እጁን አላቀቀ። ምን ይበላት? ባሏን ያዳነችው መስሏታል። ቆይ፣ እዚያ ተቀመጪ፣ አንድ ነገር ላስተካክል ሊላት ሲል የላንድሮቨር ድምፅ ከበሩ ላይ ቆመ።

ከነቴፑ ጭነው ያስገቡት የፀጥታ ቢሮ መስኮቱ ተከፍቶ እንኳ አየር አልነበረውም። ሻምበል አለምብርሃን ጉንፋን ይዞት በመሐረብ አፍንጫውን ይጠርጋል። ድምፁን አይጨምርም። ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነጭ ለባሽ ቆሟል፤ ስሙን ማንም አልተናገረም።

«አንተው አንቀሳቅሰው፤ እኛ አናውቅበትም» አለ ሻምበሉ። «ከማን ጋር ነበርክ?»

«ብቻዬን ጌታዬ።»

«ማይክራፎኑንስ ማን ያዘው?»

«ከወንበር ጋር አስሬው ነበር ጌታዬ።»

ይህን ሲል የዱዓሌን ሸምበቆ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳየው ትዝ አለው። ሻምበሉ አገጩን ወደ ቴፑ ወረወር አደረገ። ሣህሉ ከፈተው።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ጀመረ። ሣህሉ ይህንን ባንድ ዓመት ሙሉ ሲከተል ዘፈን አያልቅብኝ ብሎ በደስታ ተመኝቶ ያውቃል፤ በፍርሃት ሲመኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ነጭ ለባሹ ያዛጋል። ሻምበሉ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አልተኛም። ሦስተኛው ዘፈን መጣ። ሣህሉ እያንዳንዷን መታጠፊያ ያውቃታል፤ አሁን ሳክስፎኑ ይወጣል፣ አሁን ኢስታር ትመለሳለች፣ አሁን ሁሉም አንድ ላይ ይዘጉታል።

ዘጉት። ጭብጨባው ተነሳ። ሣህሉ ቴፑን አቆመው።

«ምነው?»

«ክሩ ላልቷል ጌታዬ። ካላጠበቅሁት ይበጠሳል።»

በቴፑና በሻምበሉ መካከል በትከሻው ገባ። መንኮራኩሩን በጣቱ ዞር ዞር አደረገ፤ ቀይዋን ከማጫወቻዋ ጋር ተጫነ። ማይክራፎን አልተሰካበትምና ክሩ ያለ ድምፅ እያጠፋ መዞር ጀመረ።

ስንት ያህል ነው የሰው አንድ ንግግር? ሰዓት ማየት አይችልም። የዱዓሌን ቃል በዱዓሌ አነጋገር፣ በዱዓሌ ፍጥነት፣ በልቡ ይል ጀመር። ወርያ ሣህሉ፣ ቀና በል። አንድ ዘፈን ከጨመሩ። ሰውየው ይወርዳል ወላሂ። ከዚያ ሳቁ አለ። ምን ያህል ነበር የሳቁት? ቢያሳጥር ሳቁ ይቀራል። ቢያስረዝም ድራሙ ይጠፋል፣ ወልደጻድቅ እዚያው ይቀራል።

«ይዞራል እኮ፤ ድምፁስ?» አለ ሻምበሉ ከኋላው።

«አሁን ይመጣል ጌታዬ።»

ቁልፎቹን ለቀቀ። እንደገና ማጫወቻዋን ብቻ ሲነካ ዓይኑን ጨፈነ። የወጣው ጊታር ነበር፤ መግቢያው አልፎ፣ ከመሃል። ያ እሁድ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የዋጠበት መግቢያ ጠፍቷል። ሣህሉ አላዘነም፤ ለማዘን ጊዜ አልነበረውም።

ድራሙ መጣ። ፍሬሙ ተከሰከሰ። የኢስታር ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሻምበሉ ዓይኑን ገለጠ።

«መልሰው። ከጭብጨባው ጀምርልኝ።»

መለሰው። ጭብጨባው ተሰማ፤ ቀጭ አለ፤ ዝም አለ፤ ቀጭ አለ፤ ጊታር።

«ይህ ምንድን ነው?»

ሣህሉ ወደ መንኮራኩሩ ጎንበስ አለ።

«ቅድም ጭብጨባው ላይ ነው ያቆምከው። እዚህ ጋ ምን ነበረ?»

«ጭብጨባ ነው ጌታዬ። ጭብጨባ ብቻ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሌላ ቁልፍ ነክቼ ይሆናል።» ይህን ሲል እጁን አነሳ፤ የዚያ እጅ መንቀጥቀጥ ውሸት አልነበረም።

ነጭ ለባሹ ከግድግዳው ተላቆ መጣና በጥፊ አለው። ጆሮው ጭው አለ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ሻምበሉ መሐረቡን ከፍ አድርጎ አስቆመው።

«እስከ መጨረሻው አጫውት።»

አጫወተ። የግሪኩ ሩጫ ተሰማ፣ የወንበር መጎተት ተሰማ፣ የሚወጡ ሰዎች ኮቴ ተሰማ። ከዚያ ክሩ አለቀና ጫፉ ተፍ ተፍ እያለ መዞር ቀጠለ። ሻምበሉ የሚዞረውን ጫፍ እያየ አፍንጫውን ጠረገ። ሣህሉ ፊቱን ሊያነብ ሞከረ፤ አልቻለም። ገብቶታል? አልገባውም? ወይስ ገብቶት ደከመው?

«ሂድ» አለው በመጨረሻ። «ማሽኑም ክሩም እዚህ ይቀራሉ። ስንፈልግህ እናስጠራሃለን።»

ሣህሉ ወደ ቤቱ አልሄደም። የሚከተለው ሰው እንዳለ ለማየት ሦስት መንገድ ተጠማዘዘ፣ ከዚያ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ገባ። ዱዓሌ ሱቁ ውስጥ ለአንዲት ሴት ሽርጥ እየለካ ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠብቆ፣ በሹክሹክታ፣ ሁሉንም ነገረው።

«እኔ?» አለ ዱዓሌ። «እኔ እንደዚያ አልኩ? መቼ?»

«ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ።»

«አቦ፣ አላስታውስም እኮ!» ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ አልመጣለትም። ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። «ሣህሉ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። የማላስታውሰውን ነገር ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

የዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዱዓሌ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ፣ ከከተማው ወጥቶ ቢዮ አዋሌ የሚኖር አጎቱ ዘንድ ሄደ።

ወልደጻድቅ ከሳምንት በኋላ ተፈታ። ሚስማሩ ዝጎ እንደነበር ግሪኩም መስክሮ ነበር ይባላል፤ ከቴፑና ከግሪኩ የትኛው እንዳስፈታው ሣህሉ አላወቀም። ወልደጻድቅ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ የግራ እጁ ጣቶች አብጠዋል። ምን እንዳደረጉት ማንም አልጠየቀውም። የሺአረግ ግን ዝም አላለችም። በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ያገኘችውን ሁሉ እየያዘች፣ «ባሌን ያወጣው የሣህሉ ቴፕ ነው!» ትላለች። ሣህሉ ይህን በሰማ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ለምኖ ዝም ሊያሰኛት አሰበ፤ ለምን ብትለው ግን የዱዓሌ ነገር ይወጣል።

ክረምቱን ሙሉ ያስጠሩኛል ብሎ ጠበቀ። በሩ አጠገብ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ምግቡን ትቶ መብራቱን ያጠፋል። ግምጃ ቤት ውስጥ ስሙን ከኋላ የጠራው ሰው ሁሉ ያስደነግጠዋል። ማንም አልመጣም። ማሽኑም ክሩም አልተመለሱም፤ ሄዶ የመጠየቅ ድፍረትም አላገኘም።

መስከረም ላይ ዱዓሌ ከቢዮ አዋሌ ተመለሰ፤ ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል። በዚያው እሁድ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ወደ አዳራሹ ሄዱና ከጥግ ተቀመጡ። ፎቶው ሌላ ግድግዳ ላይ፣ በወፍራም ሽቦ ታስሮ ተሰቅሏል። ወልደጻድቅ ወጥቶ ድራሙ ኋላ ሲቀመጥ ሕዝቡ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። ዘፈኖቹ ተራ በተራ አለፉ። በዘፈኖቹ መካከል ሰው ሁሉ ሲንጫጫ ሁለቱ ወደ መድረኩ እያዩ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ።

ሲያበቃ አብረው ወጡ። ከዚራን አልፈው፣ ሰው በሌለበት በደቻቱ አሸዋ መሃል ሲደርሱ ዱዓሌ ቆመ። ግራና ቀኙን ተመለከተ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወልደጻድቅ ሲመታ ግራ እጁ ከብዶታል፣ አይደል?» አለ።

ሣህሉም ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ።

«ከብዶታል» አለ፤ እሱም በሹክሹክታ።