የሄመን ሁለተኛ ምርመራ

«ወደ ላይ ነው በይ እንጂ!» አለ መልከጼዴቅ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ። ማንሾካሾኩ ነበር፤ ግን ድምፁ እስከ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይሰማል።

«ኦቦ መልከጼዴቅ፣ ፈተና እኮ አይደለም፤ አይንገሯት» አለች መምህርት ጠጅቱ።

የስድስት ዓመቷ ልጁ ሄመን ቀኝ ዓይኗን በካርቶን ሸፍና፣ ስድስት ሜትር ርቆ የተለጠፈውን ወረቀት ታያለች። ሦስት ጥርስ ያለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በጣቷ ማሳየት ነበረባት። ጣቷ አልተነሳም። ካርቶኑ ወደ ግራ ዓይኗ ሲዛወር ግን እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንዱንም አልሳተችም።

መልከጼዴቅ ነገሩ ተምታታበት። ልብስ ሰፊ ነው። ለእሁድ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ትቶ ከቡራዩ ገበያ በባጃጅ የበረረው፣ ትምህርት ቤቱ ሲጠራው ልጁ አጥፍታ መስሎት ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ‹አልፋለች› ብለው ወረቀት ልከውልኛል። ዛሬ ደግሞ አታይም? የትኛውን ልመን?»

«ያኔ ልጆቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ነበር የሸፈኑት። በጣታቸው መሃል ሲያጮልቁ አላስተዋልኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኧረ ቲቸር! መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እኮ እሷ ናት!»

«በቀኟ ነዋ! ግራው ሥራውን ለቀኙ ትቶ ተቀምጧል። በልጅነቷ ካልታከመች በኋላ መነጽርም ላይረዳት ይችላል። የሐኪም ቤት መላኪያ ወረቀት እሰጥዎታለሁ፤ ነገ አዲስ አበባ ይውሰዷት፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።»

«ከሰርጉ በኋላ እወስዳታለሁ» አለ። በሆዱ ግን ‹ተሰላችታ ነው› ይላል። ወላጅ ልጄ ጤነኛ ነው ለማለት ምክንያት አያጣም።

ቢሆንም እግሩ አልሄድ አለው። ኮሌታው ላይ የሰካትን መርፌ ነቀለ፤ ከኪሱ ክር መዘዘና ሁለቱንም ለሄመን ሰጣት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፉ ከደነ።

«በይ አስገቢልኝ፣ የኔ እመቤት።»

ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። ደገመች፤ አሁንም ሳተች። ከዚያ ቀዳዳውን በጣቷ መዳሰስ ጀመረች።

«አባዬ፣ እጅህን አንሳና ላስገባልህ።»

በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጣ እንዴት አላወቀም? አፈረ።

ስልኩን አወጣና የሙሽራዋ እናት ጋ ደወለ። «እትዬ እናትነሽ፣ ቀሚሱ ለእሁድ አይደርስም። የለም፣ ማታም አልችልም። ጨርቁን አሁኑኑ ላምጣልዎትና ሌላ ሰፊ ይፈልጉ።»

ሴትዮዋ ሲጮሁ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። በሌላ እጁ የሐኪም ቤቱን ወረቀት እንድትሰጠው ለመምህርቷ ምልክት አሳየ።