ዱዓ ሳይደረግ እንግዳ አይነሳም

ባሂራ ያን ቀን በማለዳ ተነስታ ግቢዋን ሁለት ጊዜ ጠረገችው፤ አንዴ ለእንግዶቹ፣ አንዴ ለጭንቀቷ።

እንግዶቹ አምስት ናቸው። ከየአገሩ መጥተው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ፣ ቀጣዩ በረራቸው እስኪደርስ ሙሉ ቀን የተረፋቸው መንገደኞች። አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት «ወንበር ላይ ስታንጎላጁ ከምትውሉ ቡታጅራን አይታችሁ ተመለሱ» ብሏቸው ነው የመጡት። መጀመሪያ ሐረ ሸይጣን ሐይቅን ያያሉ፤ ከዚያ ባሂራ ቤት ምሳ ይበላሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ጥያ ወርደው ትክል ድንጋዮቹን ይጎበኛሉ።

የሚያስጎበኛቸው የባሂራ ልጅ ናጃህ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ቋሚ ሥራ ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም። የዛሬው ቀን ፈተናዋ ነው። እንግዶቹ ስላዩት ሁሉ፣ ወደዱትም ጠሉትም፣ በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ አስተያየት ይጽፋሉ። አስተያየቱ ካማረ ጉብኝቱ በየሳምንቱ ይቀጥላል፣ ናጃህም ትቀጠራለች። ካላማረ በዚያው አበቃ።

«ኡሚ፣ አደራ» አለች ናጃህ ሻርፗን እያስተካከለች። «ስድስት ሰዓት እንገባለን፣ ሰባት ሰዓት እንወጣለን። አንድ ሰዓት ብቻ። አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም።»

«እኔ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው?»

«በግድ እንዳታጎርሺያቸው።»

«ወላሂ አላጎርስም።»

«አትማዪ ኡሚ፤ ኋላ ከፋራ፣ የመሐላ ካሳ፣ ውስጥ ትገቢያለሽ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ግቢው በአንዴ በሳቅ ተሞላ። አንደኛው እንግዳ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው፣ ቀኝ ክንዱን እያሸ ገባ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ባሂራ ደንግጣ።

«ሐይቁ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል ስላቸው እልህ ያዘው» አለች ናጃህ። «አሥራ ሁለት ድንጋይ ወረወረ፤ አንዱም አልደረሰለት! ‹ክንዴን እዚያው ጥዬው መጣሁ› እያለ ነው።»

«ታዲያ ለክንዱ ሥጋ ያስፈልገዋል» ብላ ባሂራ ክትፎውን በርከት አድርጋ ልታወጣ ገባች።

ቆጮው፣ ክትፎው፣ አይብ በጎመኑ በኮባ ቅጠል ላይ ቀረበ። እንግዶቹ ቅጠሉን ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ ፎቶ አነሱት። ሹፌሩ ደረጄ ክትፎውን ለእንግዶቹ ትቶ ቆጮውን በአይብ ቀና ሳይል በላ። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው የድርጅቱ ተቆጣጣሪ፣ ሽባባው የሚባል ቀጠን ያለ ሰው፣ አንድ ዓይኑ ቆጮው ላይ፣ አንድ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር። ባሂራ መሐላዋን ጠበቀች፤ ማንንም አላጎረሰችም። እጇ ግን ሦስት ጊዜ ተነስቶ ተመለሰ።

ለሰባት አምስት ሲቀረው ሽባባው ብድግ አለ። «በሉ እንነሳ!»

እንግዶቹም ተነሱ። ይሄኔ የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ሀቢቡ፣ እንግዳ በተቀበለ ቤት ያለ እሳቸው ማዕድ ስለማይቀርብ የተጠሩት፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ ቀሩ። በአንድ በኩል የልጇ አደራ አለ። በሌላ በኩል የሸሁ እጆች ባዶ አየር ላይ ተዘርግተዋል። እሷ ከተወለደች ጀምሮ ከዚያ ቤት ያለ ዱዓ የተነሳ እንግዳ አይታ አታውቅም።

የሽባባውን እጅጌ ያዘች። «ተቀመጥ ወንድሜ። ዱዓ ሳይደረግ እንግዳ አይነሳም።»

«እናቴ፣ ሰዓቱ…»

«ለሰዓቱም ዱዓ ይደረግለታል።»

ሁሉም ተቀመጠ። ሸህ ሀቢቡ ለዝናቡ ጀመሩ፣ ወደ እንሰቱ አለፉ፣ ከእንሰቱ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ መኪናዋ። አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ ቅያሪውንም አልረሱም። ክርስቲያኑ ደረጄ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሚን!» አለ። ከዚያ ሸሁ ወደ እንግዶቹ ዞሩና የእያንዳንዱን ስም፣ የአባቱንም ስም እንድትጠይቅላቸው ናጃህን አዘዟት።

«ሸህዬ፣ አውሮፕላናቸው…» አለች ናጃህ በልምምጥ።

«ስሙን ሳላውቅ ማን ብዬ ለአላህ ላስረክበው?»

አምስት ስም፣ አምስት የአባት ስም ተጠራ። አውሮፕላኑ ተጠራ። የአብራሪው ዓይን፣ የክንፎቹ ብሎን ሁሉ ተጠራ። እንግዶቹ በሦስተኛው ላይ «አሚን» ማለት ለመዱና በየመሃሉ ይጮኹ ጀመር። ሽባባው ደብተሩን ከረጅሙ ሰው ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጥድፊያ ይጽፋል። ባሂራ ዱዓውን እየመዘገበ መሰላት፤ ደስ አላት።

ሲጨርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁሉም ተሯሩጦ መኪና ውስጥ ገባ። ናጃህ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ዞራ «ኡሚ…» አለች። ባሂራ ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ዕቃ ልታነሳ ወደ ቤት ስትመለስ ደብተሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አየችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«ኡሚ! ደብተሩን ረስተነዋል! መናኸሪያ ሂጂና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሚኒባስ ስጪልን፤ ጥያ ላይ እንቀበላለን። ቶሎ በይ!»

በባጃጅ መናኸሪያ ደረሰች። ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ሹፌሩ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፣ ቁጭ በይና ጠብቂ» አላት። ደብተሩን እቅፏ ውስጥ ይዛ ተቀመጠች፤ ከፈተችው።

ባሂራ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ ዑመይር የጻፈላትን ታነባለች፣ የሱቅ ስም ታነባለች፤ ለእሷ ብለው ያልጻፉትን የሰው እጅ ጽሑፍ ግን ሞክራ አታውቅም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የማታውቀው ፊደል ናቸው። አንደኛው ላይ ሐይቅና ብዙ ትናንሽ ድንጋዮች ተስለዋል፤ ይሄ የረጅሙ ሰው ነው ብላ ፈገግ አለች። ቀጥሎ አማርኛ መጣ። ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል ሄደችበት።

«ሐይቁ በጣም ጥሩ። የልጅቷ ገለጻ በጣም ጥሩ። ምሳው ጣፋጭ። ሰዓት ግን አልተከበረም። ግማሽ ሰዓት አልፎናል፤ አሁንም ዱዓ ላይ ነን። አስጎብኚዋ እንግዶቹን ማስነሳት አልቻለችም። በረራ ያለበትን መንገደኛ ለእሷ ማስረከብ ያስቸግራል።»

እንደገና አነበበችው፤ የተሳሳተች መስሏት። አልተሳሳተችም። በሕይወቷ ማንም ሳያግዛት ያነበበችው የመጀመሪያው የሰው እጅ ጽሑፍ ልጇን የሚያባርር ሆነ።

ገጹ በሁለት ክር ብቻ ነው የተያዘው። አንዴ ሳብ ብታደርገው ይወጣል፤ ማን ያውቃል? ጣቷ ጠርዙ ላይ ሄደ። ግን ደብተሩ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ከላዩ ተቀንሶለት አይደርስም። ሽባባውም ቢሆን ውሸት አልጻፈም፤ የሆነውን ነው የጻፈው። የሳተው ጥፋተኛውን ብቻ ነው።

«እናት፣ ደብተሩን አምጪዋ፤ ጥያ ላይ እሰጥልሻለሁ» አለ ሹፌሩ።

«የቀረህ አንድ ሰው ነው አላልክም?» አለች ባሂራ። «እኔ ነኝ። ንዳው!»

ጥያ ስትደርስ ከአስፋልቱ እስከ ትክል ድንጋዮቹ ግማሹን በእርምጃ፣ ግማሹን በሩጫ ሄደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ በዚህ አልፋለች፤ አንድ ቀን ወርዳ አታውቅም። በሩ ላይ ጠባቂው «ጎብኚ ነሽ?» አላት። ትንሽ አሰበችና «አዎ፣ ጎብኚ ነኝ» አለች። ደስ የሚል ቃል ነበር።

ከሩቅ ናጃህን አየቻት። እንደ ሰው በተደረደሩት ረጃጅም ድንጋዮች መሃል ቆማ በባዕድ ቋንቋ ታወራለች፤ የእጇ አነጋገር ግን የባሂራ ነው። አምስቱ እንግዶች ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። ባሂራ አንዲቱም ቃል ሳትገባት ቆማ አዳመጠቻት። ከዚያ ሽባባውን ፈልጋ ደብተሩን ሰጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ራስሽ መጣሽ?»

«አንብቤዋለሁ።»

ሽባባው ቀላ። «ምኑን?»

«ያንተን። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ግን ጨርሼዋለሁ። የጻፍከው እውነት ነው። ጥፋቱን ግን የሰጠኸው ለሌላ ሰው ነው። እሷ አንድ ሰዓት ብላኛለች። እጅጌህን ይዤ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እኔ ያየሁትን መጻፍ አለብኝ። ይሄ ደብተር የእኔና የጎብኚ አስተያየት ብቻ ነው የሚጻፍበት።»

«ታዲያ እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሳልፍ ዛሬ ነው የገባሁት። ጎብኚ አይደለሁም?»

ሽባባው ሳያስበው ሳቀ። «እንግዲያው መጀመሪያ ጎብኚ፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ።»

ባሂራ ወደ ድንጋዮቹ ገባች። ናጃህ ስታያት ክው አለች፤ ግን ንግግሯን አላቋረጠችም። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ጎራዴዎች አሳየች፣ ክቦቹን አሳየች። ከታች ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ጋ ስትደርስ «ይሄ ምን እንደሆነ ብዙ ክርክር አለ» ብላ ለእናቷ በአማርኛ ደገመችላት።

ባሂራ ጎንበስ አለች። ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ቅጠል በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው።

«ምን ክርክር አለው? እንሰት ነዋ!»

ናጃህ ተረጎመች። እንግዶቹ ተንጫጩ። ረጅሙ ሰው ተንበርክኮ አየና «የዛሬው ምሳ!» ብሎ ጮኸ፤ ይሄንንም ናጃህ ተረጎመች። ሁሉም በየተራ እየተንበረከኩ ቅጠሉን ካሜራ ውስጥ አስገቡ። ባሂራ እንደ ሊቅ መሃላቸው ቆማ «ይሄ ግንዱ፣ ይሄ ቅጠሉ» እያለች ታሳያለች። ናጃህ ደግሞ «የኡሚ አስተያየት ነው፣ ምሁራኑ አልተስማሙበትም» እያለች ከኋላዋ ታስተካክላለች።

ከዚያ ባሂራ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ብዕሩን ተቀበለች። ሰው እየጠበቃት ጽፋ አታውቅም፤ አውሮፕላን እየጠበቃትማ ጭራሽ። እንዲህ ጻፈች፦

«ጥያን አየሁ። ድንጋዩ ላይ እንሰት አለ። አስጎብኚዋ ጎበዝ ናት። ለምሳ አንድ ሰዓት ብላኝ ነበር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ዱዓ ሳይደረግ እንግዳ አይነሳም። ባሂራ።»

ሽባባው አነበበው። ረጅሙ ሰው ምን እንደተጻፈ ናጃህን ጠየቃት፤ ነገረችው። ሰውየው ደብተሩን ተቀብሎ ዱዓው መሃል የጻፈውን ገጽ ገለጠና አነበበላቸው። ናጃህ ተረጎመችው።

«‹ብዙ አውሮፕላን ተሳፍሬያለሁ። በሰላም እንድደርስ ብሎ የአባቴን ስም የጠየቀኝ ግን የለም፤ ከዛሬ በቀር።›»

ሽባባው ጉሮሮውን ጠረገና ብዕሩን አወጣ። የራሱን ጽሑፍ አልሰረዘም። ከሥሩ ግን ሌላ ሊጨምር መስመር አሰመረ።

«እናቴ፣ ያ ዱዓ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«እንደ ሸሁ ስሜት ነው» አለች ባሂራ በሐቅ።

«ጎማዎቹን እንዲተዉልን ይለመናሉ?»

«ጎማውን ይተዉ ይሆናል። አውሮፕላኑን ግን አይተዉም።»

«እሺ። እንግዲህ ምሳው አምስት ሰዓት ተኩል ይሁን። ‹ምሳና ዱዓ፣ ሁለት ሰዓት› ብዬ ፕሮግራሙ ላይ አስገባዋለሁ።» ቀና ብሎ ናጃህን አያት። «ሐሙስ ሰባት ሰዎች ከአውሮፕላን ማረፊያ ይመጣሉ። ትችያለሽ?»

ናጃህ እልል አለች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ደረጄ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ነፋ፤ እንግዶቹ እየሮጡ «አሚን! አሚን!» እያሉ ተሳፈሩ።

ባሂራ ቤቷ ገብታ እፎይ አላለችም። ሰግዳ ተነስታም ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጮኸ።

«ገቡ ኡሚ! መንገዱ እንደዛሬ ተከፍቶ አያውቅም፤ ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደረስን!»

አጥሩን ተሻግራ ለሸህ ሀቢቡ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተገረሙም፤ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ታዲያ ጎማዎቹን በከንቱ የጠራኋቸው መስሏችሁ ነበር?»